ውዳሴ ዲሽ

ስለ አገራችን የሕንፃ ጥበብ ሲነሳ ሁልጊዜ አክሱምና ላሊበላ ብቻ መጠራታቸው ያለንበትን ዘመን ማሳነስ ነው። ተአምር ዛሬም አለ። ያላመነ ሰው ከአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየሞች ወደ አንዱ ጎራ ይበልና ቀና ብሎ ይመልከት። ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በረንዳ በሌለበት፣ ከየትኛውም መስኮት እጅ በማይደርስበት፣ እርግብ እንኳ ሁለቴ አስባ በምታርፍበት ግድግዳ መሃል ባለ 90 ሳንቲ ሜትር ዲሽ ተደላድሎ ተቀምጧል። ላሊበላን መላእክት አግዘዋል ይባላል። ይህን ግን የሰቀሉት አንድ ለግላጋ ልጅ፣ አንድ የናይለን ገመድና የቸርነቱ ብዛት ናቸው።

ጣጣው የመጣው ከሰማይ ነው። ዲሾቻችን ለብዙ ዓመታት በ7 ዲግሪ ምዕራብ ወዳለው ናይልሳት አንጋጠው ኖሩ። በ2012 ዓ.ም. ኢትዮሳት መጣና የአገር ውስጥ ጣቢያዎቻችን በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ወዳለው ሳተላይት ተዛወሩ። ከተማው ሁሉ ቅዳሴ እንደገባ ሕዝብ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዞረ። ቤቱ ወደ ፀሐይ መውጫ ያየለት ሰው ተገላገለ፤ ወደ ፀሐይ መግቢያ ያየበት ግን የማያውቀውን የሕንፃውን ጀርባ ፍለጋ ወጣ። ይህም አልበቃ ብሎ አዲሱ ሳተላይት ከአዲስ አበባ ሲታይ ወደ አናት የቀረበ ስለሆነ የላይኛው ጎረቤት በረንዳ ይጋርደዋል። መላ አይጠፋም፤ ዲሹን በረዥም የብረት ክንድ ከግድግዳው አርቆ ወደ አየር መግፋት ነው። ዲሹ በተገፋ ቁጥር ሰቃዩም አብሮት ይገፋል። ሲግናል ሲጠፋ ሪሲቨሩ ወዲያው ይናገራል፤ ልጁ ቢወድቅ ግን ስክሪኑ ላይ የሚመጣ ጽሑፍ የለም።

አሰቃቀሉ ሥርዓት አለው። የገመዱ አንድ ጫፍ ከልጁ ወገብ ጋር፣ ሌላው ጫፍ ላይኛው በረንዳ ላይ ካለው ሮቶ ጋር ይታሰራል። ሮቶው ውኃ ከያዘ አስተማማኝ ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ታዲያ ዲሽ ሰቃይ መቅጠር ያለበት በውኃ ቀን መሆኑን ለማንም መምከር አያስፈልግም።

ከዚያ ድሪሉ ይጀምራል። ልስኑን ይበሳል፤ የብሎኬቱን ስስ ገጽ ይበሳል፤ ከዚያ ወዲያ የብሎኬቱ ሆድ ባዶ ነው። ፊሸሩ የሚነክሰው አጥቶ እዚያው ይሽከረከራል። ያኔ ልጁ ከኪሱ የእንጨት ስንጣሪ አውጥቶ ቀዳዳው ውስጥ ይሸጉጥና ቡሎኑን ያጠብቃል። የሐምሌ ነፋስ እንደ ሸራ የሚወጥረው ብረት ከእንግዲህ ውሎ የሚያድረው በዚያች ስንጣሪ ታምኖ ነው። ከሥሩ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ።

ቀጥሎ ማስተካከል ይመጣል።

«ጋሼ፣ ገባ?» ይላል ልጁ ከአየር ላይ።

«ቆይ እስቲ!» ይላሉ ጋሼ በመስኮት ብቅ ብለው። ወደ ሳሎን ዞረው፦ «ገባ ወይ?»

«ኳሊቲው ሠላሳ ላይ ነው!» ትላለች ልጃቸው።

«ትንሽ ወደ ግራ በለው!»

ልጁ ፊቱን ወደ ግድግዳ፣ ጋሼ ፊታቸውን ወደ ውጭ ስላደረጉ የአንዱ ግራ የሌላው ቀኝ ነው። ሲግናሉ እስኪገባ ድረስ ልጁ ሁለቱንም ይሞክራል። በዚህ መሃል የልስኑ ብናኝ ምድር ቤት በተሰጣው በርበሬ ላይ ይዘንባል። «ኧረ በርበሬዬን! ኧረ የጎረቤት ያለህ!» እትዬ ይጮኻሉ፤ ግቢው ሁሉ ይወጣል፤ ሰፌድ ይነሳል፤ በርበሬው በሰላም ይተርፋል። በላያቸው ሰው ተንጠልጥሎ እንዳለ የሚያስታውሱት ሒሳብ ሲጠይቅ ነው። «ለአንዲት ዲሽ ይህን ያህል? አራት ቡሎን አይደል እንዴ ያሰርከው?»

ሕግ የለም እንዳይባል አለ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብ ያዛል። ደግነቱ እኛ አሠሪ አይደለንም፤ ቡና ጠጥተን ተዋውቀን ስልክ የደወልን ደንበኞች ነን። የጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ደግሞ ከግል ቤታችን ውጭ ያለውን የሕንፃውን ክፍል የጋራ ያደርገዋል። የውጩ ግድግዳ የሁላችንም ነው። ስለዚህ ሲበሳ ሁላችንም እንበሳዋለን፤ ሲሰነጠቅ ግን ባለቤት የለውም።

መፍትሔው አዲስ ግኝት አይፈልግም። አንድ ዲሽ በደንብ ተበይዶ ጣሪያ ላይ ይቆማል፤ መልቲስዊች በሚባል ማከፋፈያ አማካኝነት ለሕንፃው ቤቶች ሁሉ ይዳረሳል። ይህን ሐሳብ ይዞ ወደ ነዋሪ ስብሰባ የሄደ ሰው የሚገጥመውን ያውቃል። አንደኛው ጣሪያውን የሚጠግን ሳይገኝ ዲሽ ምን ቤት ነው ይላል። ሁለተኛው የታችኛው ቤት ጣቢያ በቀየረ ቁጥር የእኔም ይቀየራል ብሎ ይሟገታል። ሦስተኛው መዋጮውን ማን ይይዛል ሲል ሁሉም ዝም ይላል። በመጨረሻም ሊቀመንበሩ ቆጥረው ምልዓተ ጉባኤ እንዳልሞላ ያበስራሉ። በማግስቱ አርባው ቤት አርባ ልጅ ጠርቶ አርባ ዲሽ ያሰቅላል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል፤ የእኛ ገመድ ግን በየግሉ ወርዶ የራሳችንን መስኮት ተብትቧል።

ባለ መስታወቱ ሕንፃም ቢሆን ከኮንዶሚኒየሙ አይሻልም። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ከተጀመረ ወዲህ ከተማችን ማታ ማታ በሕንፃዎቿ መብራት ትደምቃለች። ብዙ ዲዛይን ላይ መብራቱ በቀለም ተሥሏል፤ መብራቱን የሚሰቅለው ሰው የሚቆምበት ቦታ ግን አልተሣለም። ጣሪያው ላይ ገመድ የሚታሰርበት ማንጠልጠያ የለም፤ ሰው የሚወርድበት ቅርጫትም የለም። አሥረኛ ፎቅ ላይ አንዲት አምፖል ስትቃጠል ያ የዲሽ ልጅ ይፈለጋል። ባለሀብቱም እንደ ጋሼ ከታች ሆኖ «ትንሽ ወደ ግራ» ይላል።

ተቃዋሚ ብቻ እንዳልባል አንድ የውሳኔ ሐሳብ አለኝ። መተዳደሪያ ደንባችን ላይ አንዲት አንቀጽ ትጨመር፦ በውጭ ግድግዳ ላይ ማናቸውንም ነገር ማሰቀል የሚፈልግ የቤት ባለቤት ገመዱን በገዛ ወገቡ አስሮ ራሱ ይውረድ። ልጁ መስኮት ላይ ቆሞ «ጋሼ፣ ትንሽ ወደ ግራ» እያለ ያግዘዋል፤ ሒሳቡንም ያው ይቀበላል። ይህች አንቀጽ በጸደቀች በሳምንቱ የጋራው ዲሽ ጣሪያ ላይ ይቆማል፤ መዋጮው እስከ ሳንቲሙ ይሰበሰባል፤ ምልዓተ ጉባኤውም ሞልቶ ወንበር ይጠፋል።