አሳዳጊ ላጡ ጥንቸሎች የወጣ የጉዲፈቻ አዋጅ

አዋጅ አዋጅ፣ የደበሎ ቅዳጅ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

እኛ በላስ ቬጋስ መናፈሻዎች፣ በየመጠለያውና በየበጎ ፈቃደኛው ጋራዥ የምንገኝ ባለ ረጃጅም ጆሮዎች፣

የፈረንጅ ፋሲካ በመጣ ቁጥር ለልጆች ደስታ ተብለን በካርቶን እየተገዛን፣ ክረምቱ ሳይጋመስ በዚያው ካርቶን ወደ መናፈሻ የምንሸኝ በመሆኑ፤

በሕይወታችን አንድ እንቁላል ጥለን ሳናውቅ በዚሁ ፋሲካ ለልጆች እንቁላል አዳይ አድርጎ የሾመን ማን እንደሆነ ባይጣራም፣ ሹመቱ ያመጣብን መዘዝ ግን ለሁሉም የሚታይ በመሆኑ፤

በአሜሪካ መጠለያዎች ውስጥ ከውሻና ከድመት ቀጥሎ የምንበዛው እኛ ሆነን ሳለ፣ አሳዳጊ ነኝ ብሎ የሚመጣው ሰው ቡችላ አይቶ፣ ቡችላ አቅፎ፣ እኛን ሳያይ የሚወጣ በመሆኑ፤

በዚህች ከተማ ብዙ ሐበሻ የሚኖር ሲሆን፣ በተለይ በኦርቶዶክስ ቤት ጥንቸል እንደማይበላ ከኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ስላረጋገጥን፣ ከድስት ነፃ የሆነ ጣሪያ ለማግኘት አዋጁን በአማርኛ ማውጣት አስፈላጊ ሆኖ በመገኘቱ፤

የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፦ ትርጓሜ

በዚህ አዋጅ ውስጥ የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ «ጥንቸል» ማለት ከ8 እስከ 12 ዓመት አብራችሁ የምትኖር የቤተሰብ አባል ናት። ዛሬ የአንደኛ ክፍል ልጃችሁ ደስ እንዲለው ብላችሁ የወሰዳችኋት ጥንቸል፣ ልጁ መንጃ ፈቃድ አውጥቶ መኪናችሁን ሲያጋጭ በሕይወት ቆይታ ልትታዘብ ትችላለች።

«አሳዳጊ» ማለት ዕድሜው የደረሰ፣ የቤት ኪራይ የሚከፍል ሰው ነው። ልጅ ረዳት ይሆናል እንጂ አሳዳጊ አይሆንም።

አንቀጽ 2፦ «ነፃ ለቀቅናት» ስለሚሉ ሰዎች

«ሣር ያለበት ቦታ ለቀቅናት፤ ተፈጥሮዋም እሱው ነው» የሚለው መከላከያ ከእንግዲህ ተቀባይነት የለውም። የእኛ ዘር የሚመዘዘው ከስፔንና ከፖርቱጋል የዱር ጥንቸል ነው። በኔቫዳ በረሃ የሚሮጠው ጥንቸል ባዳ ነው፤ ከእሱ ጋር መዋለድ እንኳ አንችልም። እሱ መልኩ ከአሸዋው ጋር አንድ ነው። እኛ ግን ነጭ ሆነን፣ ዝንጉርጉር ሆነን፣ ለጭልፊትና ኮዮቴ ለሚባለው አውሬ ከሩቅ «ኑ ብሉን» እንላለን። ሙቀት ሲበረታብን የምናስተነፍሰው በጆሯችን ነው። 30 ዲግሪ ሲያልፍ ያ አይበቃንም፤ ላስ ቬጋስ ደግሞ በሐምሌ 40ን ስታልፍ ለነዋሪው ዜና አይደለም።

ከሞት የተረፍነው እንባዛለን። እርግዝናችን አንድ ወር ነው፤ የወለደች እናት በዚያው ሰሞን መልሳ ልታረግዝ ትችላለች። እ.ኤ.አ. በ2018 በከተማዋ በሚገኝ አንድ የመንግሥት የሕክምና ግቢ ውስጥ በመቶዎች ሆነን የተገኘነው ከሰማይ ወርደን አይደለም። አንዱ ሁለት ጥሎ ሄደ፣ ሌላው ያንን አይቶ «ለካ እዚህ ይጣላል» አለ፣ የቀረውን እኛው ሠራነው።

አንቀጽ 3፦ ስለ ማመልከቻና ቃለ መጠይቅ

ዲቪ ሞልታችሁ የመጣችሁ ሰዎች ናችሁና ፎርም አያስፈራችሁም። አከራያችሁ እንስሳ መፍቀዱን የሚገልጽ ወረቀት፣ ጥንቸሏ የምትኖርበት ክፍል ፎቶ፣ ጥንቸል የሚያውቅ የእንስሳት ሐኪም ስም ይቀርባል። በኤምባሲ የጉብኝት ቪዛ አመልካቹን «ትመለሳለህ ወይ?» ብለው እንደሚጠይቁት፣ እዚህም ይኸው ጥያቄ አለ፤ የሚመለሰው ግን ስለ ጥንቸሏ ነው። ትክክለኛው መልስ «ማሳደግ ካቃተኝ ወደዚሁ መጠለያ እመልሳታለሁ እንጂ ለጎረቤት አልሰጥም፣ ሜዳም አልጥልም» የሚል ነው። መጠለያዎቹ ይህን በውል ያስፈርማሉ።

ለጉዲፈቻው የሚከፈለው ገንዘብ በዛብኝ የሚል አመልካች፣ የማምከን ቀዶ ሕክምና ዋጋ በግል ክሊኒክ ስንት እንደሆነ ደውሎ ይጠይቅና ተመልሶ ይምጣ። ከመጠለያ የምትወስዷት ጥንቸል አብዛኛውን ጊዜ መክና ነው የምትጠብቃችሁ። ያልመከነች ሴት ጥንቸል ዕድሜዋ በገፋ ቁጥር በማኅፀን ካንሰር የመያዝ ዕድሏ ከፍተኛ ነው። ያልመከነ ወንድ ደግሞ ሶፋችሁን በሽንቱ ይባርካል።

አንቀጽ 4፦ ስለ መኖሪያና ስለ ይዞታ መብት

ሽቦ ቤት ውስጥ ዘግቶ ማኖር የተከለከለ ነው። ጥንቸል ከጓሮ ወጥታ ሳሎን መግባት አለባት ብሎ የሚሟገተው ሃውስ ራቢት ሶሳይቲ በካሊፎርኒያ ከተቋቋመበት እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ይህ ክርክር ተዘግቷል፤ ቢያንስ በእኛ በኩል። ሽንታችንን በሳጥን መሽናት እንማራለን።

አገጫችንን ያሸንበት ነገር ሁሉ ሕጋዊ ይዞታችን ነው። ከአገጫችን ሥር የሚወጣው ሽታ ካርታም ፕላንም ሆኖ ያገለግላል፤ የሊዝ ክፍያ የለበትም። የሶፋ እግር፣ የቴሌቪዥን ማስቀመጫ፣ እንግዳ በር ላይ ያወለቀው ጫማ በዚህ መንገድ ሊወረስ ይችላል። የስልክ ቻርጀር ገመድ ግን አሳዳጊው አስቀድሞ ካልሰወረው ወይም ካልሸፈነው እንቆርጠዋለን። ጥርሳችን በዓመት ወደ 10 ሴንቲሜትር ያድጋል፤ የሚፋቅበት ነገር ካላቀረባችሁለት ራሱ ይፈልጋል።

አንቀጽ 5፦ ስለ ቡና ሥነ ሥርዓት

ይህ አንቀጽ ብዙ ውይይት ፈጅቷል። ቡናው ይቀጥላል። ነገር ግን ቄጤማ በሌለበት አገር ከረከቦት ሥር የሚነጠፈው አረንጓዴ የፕላስቲክ ሣር ለእኛ ወጥመድ ነው። ከሩቅ ስናየው ድግስ ይመስላል፣ ቀርበን ስንነጨው ክር ክሩ ይወጣል፣ ተውጦ አንጀት ይዘጋል። ማስታወክ ደግሞ ተፈጥሮ ነፍጋናለች፤ የገባ ነገር በገባበት አይወጣም። ስለዚህ ምንጣፉ ተጠቅልሎ ቁምሳጥን አናት ላይ ሳይወጣ ጥንቸል ሳሎን አትገባም። እጣኑ የሚጨሰው እኛ በሌለንበት ክፍል ነው፤ ሳንባችን ጭስ አይችልም።

ፈንዲሻ ለጥንቸል መወርወር ያስቀጣል። ከአዲስ አበባ ለጥየቃ የመጡ እማማ «ውይ፣ ይቺስ ነፍስ አይደለችም እንዴ! ድፎውን ትቅመስ እንጂ» ብለው በጣታቸው የሚዘረጉት ቁራሽም ቢሆን በአክብሮት ይመለሳል። ጉርሻ ፍቅር ነው፤ ሆዳችን ግን ለዳቦ አልተሠራም። እማማን መከልከል ካቃታችሁ አንድ ዘለላ በሶብላ ወይም የድንብላል ቅጠል አስይዟቸው፤ ያን ያጉርሱን።

አንቀጽ 6፦ ስለ ቀለብና ስለ ሕመም

ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የማንቀምስ፣ ዓመቱን ሙሉ ጿሚዎች ነን። አብዛኛው ቀለባችን ድርቆሽ ነው፤ ላደገ ጥንቸል ቲሞቲ የሚባለው ይመረጣል። ካሮት በፊልም የተወራብን ስም ማጥፋት ነው፤ ስኳሩ ብዙ ነውና በትንሹ፣ አልፎ አልፎ። ሌሊት ሌሊት ከራሳችን የሚወጣ ለስላሳ ፋንድያ መልሰን እንበላለን። በዚህ ጉዳይ ላይ ጥያቄ አይቀርብም።

ከዚህ በታች ያለውን ሳትስቁ አንብቡ። ጥንቸል ለግማሽ ቀን ያህል ካልበላችና ካልተጸዳዳች «ነገ ይሻላታል» አይባልም፤ አንጀቷ ቆሟል ማለት ሊሆን ይችላል፣ በዚያው ሌሊት ሐኪም ዘንድ ትወሰዳለች። እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ የገባው ጥንቸል ገዳይ የደም መፍሰስ ቫይረስም ክትባት ስላለው ሐኪሙን ስለ ክትባቱ ጠይቁት።

አንቀጽ 7፦ ስለ ማቀፍ

ጆሮ እጀታ አይደለም። ከመሬት የሚያነሳን ነገር ሁሉ ለእኛ ጭልፊት ነው፤ ተወራጭተን የራሳችንን አከርካሪ ልንሰብር እንችላለን። ወዳጅነት የፈለገ ወለል ላይ ተቀምጦ ዝም ይበል፤ እኛ እንመጣለን።

አንቀጽ 8፦ ስለ ጋብቻ

ጥንቸል ብቻዋን መኖር አይመቻትም። ይሁን እንጂ የትዳር አጋር የሚመረጠው በአሳዳጊው ሳይሆን በጥንቸሏ ነው፤ ሽማግሌ መላክም አይሠራም። ሁለቱም መክነው፣ ማንም አገጩን ባላሸበት ገለልተኛ ሥፍራ ድርድሩ ይካሄዳል። ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። በመጀመሪያው ቀን ፀጉር ከተነጫጨ ድርድሩ ተጀመረ እንጂ ፈረሰ አይባልም።

አንቀጽ 9፦ የተሻሩ ልማዶች

«ልጁን ኃላፊነት ያስተምረዋል» የሚለው ልማዳዊ አሠራር በዚህ አዋጅ ተሽሯል፤ ልጅ ኃላፊነት የሚማረው ሳህን በማጠብ ነው። ጥንቸልን በፋሲካ ስጦታነት መስጠትም ተሽሯል፤ በምትኩ የቸኮሌት ጥንቸል ይሰጥ፣ እሷን ከጆሮዋ ጀምሮ መግመጥ ይፈቀዳል። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከ2019፣ ኒውዮርክ ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ ሱቆች ከአራቢ ያመጡትን ጥንቸል እንዳይሸጡ በሕግ ከልክለዋል። እኛ ከእነሱ ቀድመን ብናውጅም ሰሚ አልነበረንም፤ ጆሮ ያለን እኛ ብቻ ስለሆንን ይመስላል።

አንቀጽ 10፦ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ ከተነበበበት ሰዓት ጀምሮ የጸና ይሆናል። ቤትና አሥር ዓመት ያለው ሰው በአካባቢው ወዳለ መጠለያ ሄዶ «ጥንቸሎቹ የት ናቸው?» ብሎ ይጠይቅ፤ ብዙ ጊዜ የምንቀመጠው ከውሾቹ ጩኸት ርቀን በኋለኛው ክፍል ነው። ማሳደግ የማይችል ለሁለት ወር ያስጠልል፤ እሱንም የማይችል አንድ እስር ድርቆሽ በር ላይ አስቀምጦ ይሂድ።