መቼ ነው የሚጀምረው?

እ.ኤ.አ. በ2009 እስራኤል ውስጥ፣ በክርያት ያም ከተማ የባሕር ዳርቻ፣ ከወገቧ በላይ ሴት ከወገቧ በታች ዓሣ የሆነች ፍጡር ታየች ተባለ። ብቅ የምትለውም ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ሳይስቅ፣ መኖሯን በማስረጃ ላረጋገጠ 1 ሚሊዮን ዶላር እሰጣለሁ አለ። ሰዉ ካሜራውን ይዞ አሸዋው ላይ ቆመ፤ ባዶ ባሕር እያየ አመሸ። "ተንዛዛ" ያለ አልሰማሁም።

ይኸው ሕዝብ ነው የ80 ደቂቃ ፊልም የሚከብደው።

የሽልማት ሰሞን ሲደርስ መቼም ሁላችንም ሐያሲ ነን። የእስራኤል ፊልም ሽልማት የሆነው ኦፊር ይመጣል፣ የኦፊር አሸናፊ አገሪቱን ወክሎ ለኦስካር ይታጫል፣ በሱኮት በዓል ደግሞ የሐይፋ ፊልም ፌስቲቫል አለ። ዝምታ የበዛበት ፊልም ከተሸለመ "ጥልቅ" ነው፤ ካልተሸለመ ያው ዝምታ "እንቅልፍ" ይባላል። የአለምወርቅ ዳቪዲያን ፊልም "የበለስ ዛፍ" በ2018 ቶሮንቶ ላይ ሲሸለም ያላየው ሰው አልነበረም። መጨረሻው እንዴት ነበር ብለው ሲጠይቁ ግን "ሙዚቃው ደስ ይላል" ይሉዎታል።

ሰሞኑን እኛ ቤት "ቀይ ቅጠሎች"ን ከፈትን፤ ባዚ ጌቴ በ2014 የሠራውን። ተዋናዩ ደበበ እሸቱ ሚስቱ የሞተችበትን የ74 ዓመት ሰው ሆኖ ይጫወታል፤ ሰውየው ቤቱን ሸጦ ከልጆቹ ጋር ሊኖር ይነሣል። ታሪኩ ይኸው ነው። ይቀመጣል፣ ያያል፣ ዝም ይላል።

"መቼ ነው የሚጀምረው?" አሉ አንድ ጎረቤታችን። ጀምሯል አልናቸው። "ታዲያ ለምን አይናገርም?" እሳቸው ልጃቸው ሊጠይቃቸው ሲመጣ ከ"ደህና ነህ?" ሌላ ቃል አይወጣቸውም። ደግሞ በ1973 "ሻፍት ኢን አፍሪካ" ላይ ደበበን ስላዩት፣ ጠመንጃ እስኪያወጣ ነበር የሚጠብቁት። የእህቴ ልጅ መላ አለኝ ብሎ ፍጥነቱን አንድ ተኩል አደረገው። ሰውየው አሁንም ዝም አለ፤ ቶሎ ቶሎ።

ቡናው ግን አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪል ማንም አልቸኮለም።

እናቴ ብቻ ዓይኗን አልነቀለችም። በየመሀሉ "ምነው ቤቱን ባይሸጠው" ትላለች። ልጆቿ እርስ በርስ ተያየን፤ ባለፈው ዓመት ቤትሽን ሽጠሽ እኛ ጋ ነይ ያልናት እኛው ነን። ፍጥነቱን መልሱት ያለችውም እሷ ናት።

ፊልሙ ሲያልቅ ጎረቤታችን ከሶፋው ላይ ነቁ።

"ማን አሸነፈ?" አሉ።