ስለ ተገላቢጦሽ ንግግር የቀረበ መጠነኛ ጥናት

ሰው ወደ ፊት እየተናገረ መግባባት እንዳቃተው በሸንጎም በቤተሰብ ጉባኤም በበቂ ሁኔታ ስለተረጋገጠ፣ ይህ ጥናት ፊቱን ወደ ኋላ አዙሯል። መስኩ አዲስ አይደለም። በካሴት ዘመን ክሩ በእስክሪብቶ ሲጠነጠን ከተጠማዘዘ፣ ቴፑ የሌላውን ገጽ ዘፈን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው፣ ያውም ጋቢ ተከናንቦ እንደሚያወራ ሰው አፍኖ ያሰማ ነበር። ባለቤቱ ግን ግኝቱን በመመዝገብ ፈንታ ቴፑን በጥፊ ይለው ነበር።

በቅድሚያ አንድ የተሳሳተ እምነት ይታረም። «ሰላም»ን በፊደል ከኋላ የጀመረ «ምላሰ» ይላል፤ ምላስ ለመሆን ጥቂት ስለቀረው ብዙዎች ምስጢር አገኘን ብለዋል። ድምፅ የሚገለብጠው ማሽን ግን ፊደል አልቆጠረም። ፊደላችን ተነባቢና አናባቢን አንድ ላይ ስለያዘ፣ ተራውን ብንገለብጥ የእያንዳንዱ ፊደል ውስጥ አይነካም፤ ማሽኑ ግን «ላ»ን ራሱን ከ«ኣ» አስነስቶ ወደ «ል» ይጎትተዋል። ከዚህ መከራ ከሞላ ጎደል ሳይነኩ የሚወጡት እነ «አበባ» ናቸው። «አባባ»ም ከየትም በኩል ቢመጡ አባባ ናቸው።

አሳሳቢው ውጤት የተገኘው፣ በወሬ መካከል ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ አድርገን ከምንሰጠው እሺታ ነው። ተገልብጦ ሲሰማ «ኡፍ» የተባለ ይመስላል። የተናጋሪውን ሐሳብ በትክክል የያዘው የትኛው እንደሆነ ጥናቱ ለባለትዳሮች ይተወዋል።

ፈረንጆቹ ነገሩን ችሎት አድርሰውታል። በ1990 እ.ኤ.አ. ጁዳስ ፕሪስት የተባለው የእንግሊዝ ሮክ ባንድ በዘፈኑ ስውር መልእክት ደብቋል ተብሎ በኔቫዳ፣ ሬኖ ከተማ ፍርድ ቤት ቆመ። ድምፃዊው ሮብ ሃልፎርድ የራሱን ዘፈን ገልብጦ ቢያሰማ፣ ወንበሬ ተሰበረ ብሎ ለእናቱ ስሞታ የሚያቀርብ ሰው ተገኘ። ዳኛው ለባንዱ ፈረዱ።

ቀደም ሲል በ1985 እ.ኤ.አ. በካናዳ ሌዝብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ጆን ቮኪና ዶን ሪድ ያሳተሙት ጥናት መልሱን ይዞ ነበር። አድማጮች የተገለበጠ ንግግር ሰምተው ተናጋሪው ወንድ ይሁን ሴት ለዩ፤ የሚባለው የልጆች ግጥም ይሁን የሰይጣን ቃል ግን ሊለዩ አልቻሉም። «እንዲህ የሚል አለበት» ተብለው ሲነገራቸው ግን ብዙዎቹ ሰሙት።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ድምፅ ገልብጠው ለወዳጅዎ ሲያሰሙ ምን እንደሚል አስቀድመው አይንገሩት። ከነገሩት ይሰማዋል፤ አንዴ ከሰማ ደግሞ «አልተባለም» ብሎ ማሳመን ዘበት ነው።