የግሩፑ አድሚን እኔ ነኝ

ተማሪዎቼ ቴሌግራም ላይ የሚያውቁት መምህርና ክፍል ውስጥ የሚያውቁት መምህር አይተዋወቁም። የቴሌግራሙ ትጉህ ነው፤ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ የባዮሎጂ ጥያቄ ይለጥፋል። የክፍሉ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ያዛጋል።

ፍኖተ ሰላም ላይ ግሩፕ የከፈትኩት በመጋቢት 2012 ኮሮና ትምህርት ቤት ባስዘጋ ሰሞን ነው። ያኔ ድፍረት ነበር። በ2008 የ12ኛ ክፍል ፈተና ሾልኮ ፌስቡክ ላይ ወጣና ተሰረዘ፤ ድጋሚው ሲሰጥ ማኅበራዊ ሚዲያ ተዘጋ፤ በ2011 ደግሞ በፈተናው ሰሞን ኢንተርኔቱ ጭራሽ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ቴሌግራምን ለትምህርት መጥራት ሌባን ዘብ እንደማቆም ነበር። እኔ ግን ለገጠሩ ተማሪ ልደርስለት ነው አልኩ።

ለገጠሩ ተማሪ! ብዙዎቹ ተማሪዎቼ እኮ ከጃቢ ጠህናን ወረዳ ቀበሌዎች እሑድ እሑድ በሶና የዳጉሳ እንጀራ ተሸክመው የሚመጡ፣ አንዲት ክፍል ለሦስት ለአራት የሚከራዩ ናቸው። ትምህርት ሲዘጋ ወደየቤታቸው ገቡ። እዚያ ስልክ ቢኖር የአባት ነው፤ እሱም ከመደወል ሌላ ሥራ አያውቅም። ግሩፑን የሞሉት የከተማው ነጋዴና የመንግሥት ሠራተኛ ልጆች ሆኑ፤ ያለ እኔም የሚያነቡት።

ጉዴ የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። ያኔ ግሩፕ ላይ ስንት ሰው እንዳየልኝ ስለማይታይ ቻናልም ከፈትኩ። ቻናል ላይ ከልጥፉ ሥር፣ ከዓይን ምልክቷ አጠገብ፣ የተመልካች ቁጥር አለች። ያቺን ቁጥር ቡና እየጠጣሁ አያታለሁ፣ ፈተና እየፈተንኩ አያታለሁ፣ ለቅሶ ቤት ተቀምጬም አይቻታለሁ። አንድ ተማሪ «ቲቸር፣ የሚቶሲስና የሚዮሲስ ልዩነት ምንድን ነው?» ብሎ ቢጽፍልኝ የመለስኩለት ስቲከር ነው። በዚያው ሌሊት ስለ አርሰናል ተከላካይ ከባልደረቦቼ ጋር እስኪነጋ ተከራክሬአለሁ።

በ2015 አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣ ደግሞ ከታተመው መጽሐፍ ይልቅ ፒዲኤፉ በቴሌግራም ቀድሞ ደረሰ። የእኔ ዘመን መጣ! «ግሩፑ ላይ አለ» ማለት ማስተማር ሆነልኝ። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ከቡሬ ገጠር የመጣች ተማሪ የጓደኛዋን የተሰነጠቀ ስልክ ጉልበቷ ላይ አድርጋ የዕፅዋት ሴል ሥዕል በእርሳስ ስትገለብጥ አገኘኋት። ስክሪኑ ሊጠፋ ሲል በአውራ ጣቷ ነካ ታደርገዋለች፣ መስመሯን ታሰምራለች፣ እንደገና ነካ ታደርገዋለች።

«ለምን ግሩፕ አትገቢም?» አልኳት።

«ቲቸር፣ ሰሌዳ ላይ ቢሥሉልን እኮ ሁላችንም እንገለብጠው ነበር።»

ምን ያደረግሁ ይመስላችኋል? እጇንና ደብተሯን ፎቶ አንስቼ «ትጋት ማለት ይህ ነው!» ብዬ ቻናሌ ላይ ለጠፍኩት። እስከዛሬ ከለጠፍኩት ሁሉ ብዙ ሰው ያየው እሱ ነው።

በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለወራትም አልተመለሰም። ሰው ስለ ዘመዱ ደህንነት ሲጨነቅ እኔ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ስለ ቻናሌም እጨነቅ ነበር። ክፍል ስንመለስ ያለ ስልክ ስም ልጥራ ብል የልጆቹን ስም አላውቅም። የማውቀው በቴሌግራም ስማቸው «ኪንግ»ን፣ «የማርያም ልጅ»ን፣ «ዝምታ ወርቅ ነው»ን ነው። ዝምታ ወርቅ ነው የተባለው ለካ ከክፍሉ ሁሉ ወሬኛው ኖሯል።

ኔት ከተመለሰ ወዲህ ትምህርቱን አስቀድሜ ሰሌዳ ላይ በጠመኔ እጽፋለሁ፤ ሥዕሉንም እሥላለሁ። ከዚያ ሰሌዳውን ፎቶ አንስቼ እለጥፋለሁ። ፎቶው ጥግ ላይ ጠመኔ የያዘው እጅ የእኔ ነው፤ ሳይታይ ከቀረ ደግሜ አነሳለሁ።