ለኮልባክ የተነበበ የሕይወት ታሪክ

የቡሬ እድርተኞች፣ ከፍኖተ ሰላም የደረሳችሁ ለቀስተኞች፣ በነቀምት መንገድ የዘገያችሁም! ዛሬ የምንሸኘው ፋይል በማንበብ ዕድሜውን የፈጀውን ኮልባክን ነው።

የሟች ትውልድ የቆየ ቢሆንም ስም ያወጣው ራያን ዳል እ.ኤ.አ. በ2009 ባቀረበው የጃቫስክሪፕት ማስኬጃ፣ በኖድ ጄኤስ ቤት ነው። ድሮ ፋይል ማንበብ ማለት አንድ ጸሐፊ ብቻ ያለበት መዝገብ ቤት ነበር፤ ጸሐፊው ወደ ጓዳ ሲገባ ወረፋው በሙሉ ይገተራል። ሟች ግን «ፋይሉ ሲገኝ የማደርገውን ንገረኝና ወደ ሥራህ ሂድ» ባይ ነበር። ዲስኩ እስኪመልስ ፕሮግራሙ ሌላውን ደንበኛ ያስተናግዳል።

ጠባዩን አልደብቅም። በአገራችን መርዶ የሚነገረው ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ ነው። እሱም እንደ መርዶ ነጋሪ ሁልጊዜ የሚያስቀድመው ስህተቱን ነበር፤ የፋይሉ ይዘት ሁለተኛ ነው። መርዶውን ሳይሰሙ ወደ ይዘቱ የሮጡ ሁሉ ባዶ እጃቸውን ቀርተዋል። ሦስት ፋይል በተራ አንብብ ሲባልማ አንዱን በሌላው ሆድ እየከተተ፣ ኮዱን ወደ ቀኝ ገፍቶ ገፍቶ ከስክሪኑ ሊጥለው ይደርስ ነበር።

ሕመሙ እ.ኤ.አ. በ2015 ፕሮሚስ ወደ ጃቫስክሪፕት ሲገባ ጀመረው። እ.ኤ.አ. በ2017 ወራሹ አዌይት ተከተለ፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ኖድ 10 ፋይል ማንበቢያውን በፕሮሚስ አቀረበ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ኮድ የቀመሰ ልጅ ሟችን በዓይኑ ላያውቀው ይችላል። ዛሬ እዚህ ዓይኑ የቀላም ካለ በርበሬ ከሚቀነጠስበት ደጃፍ የመጣ ነው።

ስለ ውርሱ ግን ልናገር። ከዲስኩ ጋር የሚታገሉት ሊብ ዩቪ የተባለው የኖድ ቤተ ኮድ ከጀርባ የሚያሰማራቸው፣ ቁጥራቸው ካልተቀየረ በቀር አራት የሆኑ ክሮች ናቸው። ሟችም ያዘዘው እነሱን ነው፤ ወራሹም የሚያዘው እነሱኑ። ስለዚህ አዌይት ፈጣን አንባቢ ነው ሲሉኝ አይዋጥልኝም። ያሳመረው አጻጻፉን ነው፤ ሸክሙ እንደሆነ ያው በአራቱ ትከሻ ላይ ነው።

ምንድን ነው ከኋላ የምሰማው? አንድ ወጣት ላፕቶፕ ከፍቶ ሟችን ጠራው? ፋይሉንም አነበበለት? ለካ ኖድ እስከ ዛሬ አላሰናበተውም!

የእድሩ ገንዘብ ያዥ ግን ንፍሮው ስለተበላ ቀብሩ ይቀጥል ብለዋል።