ዋጋውን አየነው፤ ትእዛዙስ?

«ገበሬ ዋጋ ከነገሩት ይበቃዋል። የግዢና የሽያጭ ትእዛዝ ቢዘረግፉለት ምን ይሠራለታል?» አሉኝ አንድ ቡና ላኪ፣ ጅማ ላይ። ለእርስዎስ ምን ይሠራልዎታል ጋሼ? እርስዎን የጠቀመ ነገር አጋሮ ሲደርስ ምን ነክቶት ከንቱ ይሆናል?

ዋጋ ያለፈውን ነው የሚናገረው። ፈረሱላው በስንት እንደተሸጠ ይነግራል፤ ስንት ገዢ እጁን ዘርግቶ እንደቀረ ግን አይነግርም። አንድ ሻጭ ቸኩሎ የጣለው ዋጋና ገዢ ጠፍቶ የወረደ ዋጋ ሰሌዳ ላይ አንድ ናቸው። ለባለቡናው ግን አንደኛው «ጠብቅ»፣ ሌላው «ዛሬውኑ ሽጥ» ነው።

«ይሄ የፈረንጅ ሒሳብ ነው።» የፈረንጅ? ብዙ ቡና የፈለገ ነጋዴ መሀል ገበያ ቆሞ «መቶ ኩንታል አምጡ!» ይላል? ቢል በዚያው ቅጽበት ዋጋው ይሰቀልበታል። አንዱን ደላላ ወደ አጋሮ፣ አንዱን ወደ ሊሙ ገነት ይሰዳል፤ ሦስተኛው ጌራ ላይ ጀንፈሉን ዘግኖ፣ አንዷን ፍሬ በጥርሱ ሰበር አድርጎ፣ «ብዙም አልፈልግ» እያለ ይሸምታል። ማታ ሁሉም አንድ መጋዘን ያራግፋሉ። የለንደንም ገበያ ከዚህ አይለይም፦ ተመራማሪዎቹ ፋብሪዚዮ ሊሎ እና ዶይን ፋርመር እ.ኤ.አ. በ2004 የለንደንን አክሲዮን ገበያ ትእዛዝ በትእዛዝ ቆጥረው ግዢን ግዢ፣ ሽያጭን ሽያጭ ለረጅም ጊዜ እንደሚከተለው አሳዩ። ከዚያ ወዲህ የመጡ ጥናቶችም ዋናው ምክንያት ትልቁ ገዢ ፍላጎቱን ቆራርሶ ማስገባቱ መሆኑን አገኙ። የጌራ ደላላ ይህን ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል። የማያውቀው ሻጩ ነው፤ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

«የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ግልጽ ነው፤ ዋጋ በየቀኑ ያወጣል።» ማውጣቱ እሰየው ነው። ቀድሞ አዲስ አበባ አዳራሹ ውስጥ በጩኸትና በመዳፍ ምት ሲገበያዩ፣ እዚያ የቆመ ሰው ማን እንደቸኮለ በዓይኑ ያይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ግብይቱ ኮምፒውተር ውስጥ መግባት ሲጀምር ያ ዕይታ ቀረ፤ በምትኩ እያንዳንዱ ትእዛዝ ከነሰዓቱ የሚቀመጥበት መዝገብ መጣ። መዝገቡ ካለ ለምን አይቆጠርም?

«የነጋዴ ምስጢር ይወጣል!» ስም ማን ጠየቀ? በኒውዮርክ የቡና ገበያ ምን ያህል የግዢ፣ ምን ያህል የሽያጭ ውል እንደተያዘ የአሜሪካ ተቆጣጣሪ በየሳምንቱ ያወጣል፤ በጎራ በጎራው ደምሮ፣ የማንንም ስም ሳይጠራ፣ በነጻ።

«ብዙው ቡና እኮ አሁን በቀጥታ ትስስር ነው የሚሸጠው፤ ምርት ገበያ ላይ የቀረው ጥቂት ነው።» እዚህ ላይ እውነትዎን ነው ጋሼ። ገበያው ሲሳሳ ግን አንዲት ትእዛዝ ዋጋውን ይበልጥ ታናውጣለች። በሁለት ግዢ የቆመና በሁለት መቶ ግዢ የቆመ ዋጋ እኩል አይታመንም፤ ልዩነቱን ገበሬው ቡናውን ጭኖ ከመነሳቱ በፊት ማወቅ አለበት።

ስለዚህ ከዋጋው ጎን አራት ቁጥር ይጻፍ፦ ስንት ፈረሱላ ለግዢ ተጠየቀ፣ ስንት ለሽያጭ ቀረበ፣ ስንቱ ግብይት በገዢው ችኮላ፣ ስንቱ በሻጩ ችኮላ ተዘጋ። ሰሌዳው ላይ ቦታ አለ።