የ13 ወር ፀሐይ፣ በአልሙኒየም ተከቦ

ዕቁብ ሲወጣለት ፀሐይ የገዛ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? የእኔ የበኩር ልጅ ነው። ሱሉልታ ያለችውን በረንዳችንን በአልሙኒየምና በመስታወት አጠራት፤ ቆርቆሮዋን ሳይቀር ገፎ መስታወት አለበሳትና «አባዬ፣ ተጨማሪ ሳሎን አገኘን» አለኝ። የፊተኛው ሳሎን መች ሞልቶ! ለእንግዳ እየተባለ ሶፋው አንሶላ ለብሶ ይከርማል፣ እኛ የምንኖረው ማድቤት ደጃፍ ነው። አሁን የማንቀመጥባቸው ሳሎኖች ሁለት ሆኑ።

ሀብተሥላሴ ታፈሰ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አገራችንን «የ13 ወር ፀሐይ» ብለው ለቱሪስት ያስተዋወቋት ፀሐዩ ደጅ ስለሚገኝ ነበር። ፈረንጅማ ቸግሮት ነው፤ ድሮ መኳንንቱ የብርቱካን ዛፋቸውን ከክረምት ውርጭ ለማትረፍ መስታወት ቤት ሠሩለት። እኔ ብርቱካን ነኝ?

ብርድ የለም አልልም። ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ፣ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። እቴጌ ጣይቱስ ብርዱን ሸሽተው አይደል በ1879 ዓ.ም. ፍልውሃ ላይ አዲስ አበባን የቆረቆሩት? ወረዱ እንጂ እንጦጦ ላይ መስታወት አልገጠሙም።

ደግሞስ መስታወት ብርድ ይመልሳል ያለው ማነው? ቀን ብርሃኑን ያስገባና ሙቀቱን አፍኖ ይይዛል። ስድስት ሰዓት ሲሆን ጋቢዬን እጥላለሁ፣ ኮቴን እጥላለሁ፣ ሹራቤን እጥላለሁ፤ ምራቴ ብቅ ስትል መልሼ እለብሳለሁ። የታኅሣሥ ሌሊት ሰማዩ ጥርት ሲል ደግሞ ያ ስስ መስታወት የቀኑን ሙቀት አንድ ሳያስቀር ለሰማይ ያስረክባል። ማለዳ ገብቼ ቁጭ ስል ጣሪያው ያቋተው እርጥበት አናቴ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ከደጁ ውርጭ ሸሽቼ ቤት ውስጥ ዝናብ! የሐምሌ በረዶ ሲመጣማ አታንሱት። ቆርቆሮ ይጮሃል እንጂ አይሰበርም፤ አሁን ደመና ባጉረመረመ ቁጥር ቤተሰቡ አንጋጦ ይጸልያል። ምራቴ አንድ እሑድ ቡና ልታፈላ እጣን ብታጨስ ጢሱ መውጫ አጥቶ እርስ በርስ ተጠፋፋን። መስኮት ክፈቱ ብል «አይከፈትም አባዬ፣ ዲዛይኑ ነው» አሉኝ።

ተናድጄ ቡራዩ ሴት ልጄ ዘንድ ሄድኩ። እሷም ሠርታለች! እዚያ ደግሞ ወለሉ ላይ የፕላስቲክ ሣር ተነጥፏል። ወደ ገፈርሳ ቢወጡ እውነተኛው ሣር ሞልቷል፤ እሷ ግን በካሬ ሜትር ገዝታ «ሣሩን በጫማ እንዳትረግጠው!» ትለኛለች። ዕድሜዬን ሙሉ ከብት እየነዳሁ ሣር ላይ ስሄድ ጫማ አውልቅ ያለኝ አልነበረም።

ሰበታ ያለው ትንሹ ልጄ ግን ሁሉንም አስከነዳ። ሰበታ ዙሪያውን የአበባ እርሻ ነው፤ ጽጌረዳው በፕላስቲክ ቤት ይበቅልና በአውሮፕላን ሆላንድ ይሄዳል። ልጄ የመስታወት ክፍሉን ያስጌጠው በምን ይመስላችኋል? ከመርካቶ ባመጣው የፕላስቲክ ጽጌረዳ! እውነተኛው አበባ በፕላስቲክ ቤት ያድጋል፣ የፕላስቲኩ አበባ በመስታወት ቤት ይኖራል፤ አቧራ ሲይዘው በሳሙና ይታጠባል። ሦስቱም ከተሞች በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ተብለው ተጠቃለዋል፤ የእኔን ልጆች ያስማማቸው ግን አልሙኒየሙ ነው።

እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። በረንዳዋ ክፍት ሳለች ሰፈሩ በእኔ በኩል ያልፍ ነበር። ወተት የሚያደርሰው ጎረምሳ «አካም ቡልተኒ፣ አባባ» ይለኛል፤ መርቄው የድርቆሽ ዋጋ እጠይቀዋለሁ። ማን ታመመ፣ ማን ተጣላ፣ የዕድር ዳኛው ምን አሉ፣ ከመቀመጫዬ ሳልነሳ ይደርሰኛል። አሁን አላፊው ቆሞ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ አያለሁ፣ እኔም እጄን አወዛውዛለሁ፤ እሱ ሰላም ይበለኝ ሰው ሞተ ይበለኝ በምን አውቃለሁ? ባለፈው አንዱን እየሳቅሁ ሸኘሁት፤ ለካ ልቅሶ እየነገረኝ ኖሯል።

ይህን ሁሉ ለበኩር ልጄ ብነግረው አዳመጠኝ፣ እግዜር ይስጠው። በማግስቱ ሜትር የያዘ ሰው አመጣ። ያፈርሰዋል ብዬ ደስ ሲለኝ፣ ሰውዬው ጣሪያውንም ግድግዳውንም ለክቶ ፀሐይ የሚከለክል መጋረጃ ዋጋ ነገረን። መስታወቱ ከፈጀው ብዙም አይተናነስም። ለመጋረዱ ለመጋረዱማ ጋቢዬ ነበረ።